ደጅ የሌለው ጌታ

ማመልከቻ በ«ለ» ይጀምራል። ከላይ በግራ በኩል የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት ይጻፋል፣ ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ይሰመርበታል፤ ሮሮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ራፖር ጻፊ ሲባል ሰው ቃል አሳማሪ ይመስለዋል። ቃል ማሳመር ትርፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዳኛ ያሰለቻል። ሙያው አንድ አርሶ አደር ግማሽ ቀን ሙሉ በደሉን ሲዘረዝር ቁጭ ብሎ ሰምቶ «ይህ ነገር ለማን ነው የሚባለው?» የሚለውን መለየት ነው። ድንበር ተገፍቶ ከሆነ ለፍርድ ቤት፣ መሬቱ በሌላ ሰው ደብተር ገብቶ ከሆነ ለመሬት አስተዳደር፣ የመምህር ዝውውር ከሆነ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት። «ለ»ውን የሳተ ወረቀት የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ መዝገብ ቤት አያልፍም።

ይህን ሥራ መካነ ሰላም ላይ ከአባቴ ተቀብዬ ይዤዋለሁ። አባቴ በቆሎ ተማሪነት ዜማና ቅኔ ቀምሶ፣ ሳይጨርስ የተመለሰ ሰው ነበር። ማመልከቻ መጻፍ ሲጀምር ወንበሩ የድንጋይ ካብ፣ ጠረጴዛውም ጉልበቱ ላይ የሚያኖራት ጣውላ ነበረች። እኔ በእጅ ጀምሬ በታይፕ አለፍኩ፤ አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ያለበት አንድ ክፍል አለኝ። ስለ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጉልበት ሰው ብዙ ያወራል፤ ስለ ሀብታቸው፣ ስለሚሰበስቡት ምስጢር፣ ልጆቻችንን ስለማደንዘዛቸው። እኔ የማውቃቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ አቤት በማለት በኩል። እሱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቦረና ከተማ ናት። ከሷ ወዲያ አገሩ ወደ አባይ ይወርዳል። ጽሑፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ምሥጢርን፣ አርጋኖንንና ሰዓታቱን የደረሰው የ15ኛው መቶ ዘመኑ አባ ጊዮርጊስ የሚጠራባት ጋስጫ የኛው የደቡብ ወሎ አገር ናት። ሳይንት ተድባበ ማርያም ያሉትን የብራና መጻሕፍትም ያየ ያውቃቸዋል። በዚያ ዘመን ለጽሑፍ የሚያስፈልገው ሁሉ ከዚሁ ከደጋው ይገኝ ነበር፤ ብራናው ከፍየሉ፣ ቀለሙ ከጥላሸቱ፣ ብዕሩ ከመቃው። ይህን ስል ያ ዘመን ይመለስልኝ እያልኩ አይደለም። ያኔ የመካነ ሰላም ገበሬ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር፤ በደሉን ለማሰማት ያለው መሣሪያ እግሩና ጉሮሮው ብቻ ነው።

በእግሩ ሄዶ ደጅ ይጠናል። የወረ ሂመኖው መሐመድ አሊ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ከተባሉ፣ ወሎንም በራስነት፣ ኋላም በንጉሥነት ከያዙ ወዲህ የዚህ አገር ሰው የሚጠናው ደጅ ተንታ፣ ቀጥሎም ደሴ ሆነ። ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም አለ። አዳራሹ ውስጥ የተበላው ግብር ብዙ ይወራለታል፤ ከአጥሩ ውጭ ስንቁን ይዞ፣ ኩታውን ተከናንቦ ሳምንታት ስለተቀመጠው ባለጉዳይ ግን የሚያወራ የለም። አባቴ ከአያቱ የሰማውን ሲነግረኝ ደጅ ጥናት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጌታው ሲወጡና ሲገቡ መታየት አለብህ። በመጀመሪያው ቀን አትናገርም፤ ፊትህን ታስለምዳለህ። አጋፋሪውን በስሙ ታውቀዋለህ። እልፍኝ አስከልካዩ ማር የሚወድ ይሁን ሙክት ትጠይቃለህ። በበሬው ሽያጭ ሄዶ፣ በሬውንም ጉዳዩንም ሳያገኝ የተመለሰ ሰው በየመንደሩ ነበር።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደጁ አዲስ አበባ ደረሰ። ዙፋን ችሎት የሚያስፈርድ፣ የንጉሡ መኪና በምታልፍበት መንገድ ዳር ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መሬት ላይ የሚደፋ ሰው ከቦረናም ይሄድ ነበር። አባቴ ገበያ ያገኘው ያኔ ነው፤ ጩኸት ብቻውን አልበቃ ብሎ ወረቀት ሲያስፈልግ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ እንኳ ሰው ንጉሡን አቤት ይል ነበር። መክሰስና አቤት ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የምለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ደጋ ትልቁ ታሪክም ከመልስ ማጣት ይጀምራል። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ተልኮ በዚያው ዓመት የካቲት ለንደን ገባ፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተመርቶ መልስ ሳይጻፍለት ተቀመጠ። በኛ ሙያ ቋንቋ «ተመርቷል» ይባላል። ንጉሡ ጠበቁ፣ ተቆጡ፣ ቆንስሉን በ1856 ዓ.ም. አሰሩ። መልሱን መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ይዞ ከፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ነው። የዘገየ መልስ የሚያስከትለውን የምናውቀው እኛ ነን፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ወጣ፣ ንጉሡም እጃቸውን ከሚሰጡ ራሳቸውን ገደሉ። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን እጅ ያሠሩት፣ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ግን አልጠቀማቸውም። መቅደላ ላይ ያከማቿቸው መጻሕፍት ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎችና በ15 ዝሆኖች ከተጫነው ምርኮ ጋር ወጥተው ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ሆኑ። 350 ያህሉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። በቦታው ስም የተጠራው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም ነው፤ ተማሪዎቹ እኔ ዘንድ መመረቂያ ጽሑፍ ሊያስተይቡ ሲመጡ ይህን ደብዳቤ የማያውቅ ይበዛል።

ወደ ሙያው ልመለስ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ኢንጂነር አያና ብሩን አለማንሳት ነውር ነው። ችግሩ ቀላል አልነበረም፤ ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ያለው ቁልፍ ከ40 ጥቂት የሚበልጥ ነው፣ የኛ ፊደል ከነዲቃላው ከ200 ያልፋል። አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ያገኙት ብልሃት ፊደሉን መቆራረጥ ነው፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ። ኋላ የኢጣሊያው ኦሊቬቲ ያመጣቸው መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። በታይፕ የሠራ ሰው ያስታውሰዋል፤ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ ትመታለህ፣ የ«ሁ» ቅጥያም የ«ቡ» ቅጥያም አንድ ቦታ ላይ ትወድቃለች፣ ለአንዷ ትገጥማለች፣ ከሌላዋ ትርቃለች። ዋናውንና ሁለት ካርቦን አስገብተህ ስትመታ ጣትህ ካልበረታ ሦስተኛው ቅጂ ጥላ ነው። ብትሳሳት ሦስቱንም በምላጭ መፋቅ ነው። አባቴ ጽሑፉን ባየ ቁጥር «እግራቸው የተሰበረ ፊደሎች» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ቢሆንም መዝገብ ቤቱ ከአባቴ ውብ የእጅ ጽሑፍ ይልቅ የኔን ስብራት ይወድ ጀመር፤ «በታይፕ ካልሆነ አንቀበልም» ተባለ። ማሽን መጀመሪያ የሚያሸንፈው መዝገብ ቤትን ነው።

በደርግ ጊዜ «ለ»ው ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ለገበሬ ማኅበሩ፣ ለአውራጃው አስተዳደር፣ ለአብዮታዊ ምናምን። መልሱ ክፉም ይሁን ደግ ጠረጴዛው ይታወቃል፤ ሰውየው ምሳ የሚበላበት ቤትም ይታወቃል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ የተሰበሩት ፊደሎች ተጠገኑ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ ኮምፒዩተሩ ለአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነ ፊደላችን በሁለትና ሦስት ፎንት ይከፋፈላል። እኔ ዘንድ የተጻፈ ውሳኔ በዲስኬት ደሴ ሲከፈት የነጥብና የቅንፍ ክምር ይሆናል። (ከነዚያ ሶፍትዌሮች አንዱ «አጋፋሪ» ይባል ነበር፤ ስም ያወጣለት ሰው ደጅ ጥናት ያውቃል።) ይህን ያቃለለው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር አገኙ። ዩኒኮድን የሚመራው ማኅበር ካሊፎርኒያ ነው ያለው፤ ሙሉ ድምፅ ይዘው ከሚወስኑት ውስጥ አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል አሉበት። ስለዚህ «ሠ» ከ«ሰ» ተለይታ በስልኬ ላይ መኖሯን የፈቀዱልን እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል ያልኩት ግማሹን ስለሆነ ነው። ይህ ደጅ በር ነበረው። ማንም ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ስብሰባ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። በውጭ አገር ያሉ የኛ ሰዎችና የፊደሉ ወዳጆች ዓመታት ጠኑት። ዳሸን ኢንጂነሪንግን መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ የሠራው ፍስሐ አጥላው፣ ዶክተር አበራ ሞላ፣ ዳንኤል ያዕቆብ፤ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙም ተከራክረዋል፣ ፊደል ቆጥረው አቅርበዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ «ኒያላ» የሚባል የግዕዝ ፎንት ከነቁልፍ አቀማመጡ አብሮ መጣ፤ የባሌው የደጋ አጋዘን ስም ነው። ለዚያ ፎንት አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ከዚያ በኋላ ስልኮቹ ተከተሉ፣ ጉግል ትርጉምም በየካቲት 2008 ዓ.ም. አማርኛን ጨመረ። የትልቅ ኩባንያን ነገር የሚያማ ሰው ይህንም ይቁጠር።

እንግዲህ ሥራዬ እንዴት እንደተለወጠ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ዲቪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የሰዎችን ስምና ፎቶ ይዤ ደሴ እወርድ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲደርሰን እዚሁ መሙላት ጀመርን። ዲቪ ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ ኢሜይል እከፍታለሁ። ለገበሬ፣ ለሽማግሌ፣ ስልክ ለሌላት ልጅ። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ አያትየው የቤተሰቡ አባወራ ይሆናል። «መሐመድ»ን በላቲን ፊደል አንዱ ወረቀት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል፤ በሁለቱ መካከል የሰው ዕድል ይወድቃል። የይለፍ ቃሉንም እኔው አወጣለሁ። ባለቤቱ ስለማያስታውሰው ባለመስመር ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፤ በግራ ስም ከነአያት፣ በመሐል የኢሜይሉ አድራሻ፣ በቀኝ የይለፍ ቃል፣ ከዳር ደግሞ የስልክ ቁጥር። የፀጥታ ባለሙያ ቢያየው ይጮህ ይሆናል። ይህ ደብተር በተቆለፈው መሳቢያዬ ውስጥ ከገንዘቡ በላይ የሚጠበቅ ነው። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የፋይዳ ምዝገባ፣ ቴሌብር መጣ። ከሰባት ማመልከቻ አምስቱ ዛሬ ለሰው አይደለም የሚጻፈው፤ ለሳጥን ነው የሚሞላው።

ሳጥኑ ሲሠራ ጥሩ ነው። ችግሩ ሲዘጋ ነው።

አንድ የገበያ ቀን እድሜያቸው ከሰባ የማያንስ እናት ስልካቸውን በሻሽ ጫፍ ቋጥረው መጡ። ልጃቸው ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች፤ በየጁምዓው በቪዲዮ ይተያያሉ። ሦስት ጁምዓ አለፈ፣ ልጅቱ የለችም።

«ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉ።

«ለማን ብዬ እትዬ?»

«ለስልኩ።»

ከፍቼ አየሁት። አካውንቱ ደንብ በመጣሱ እንደተዘጋ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አለ። የትኛው ደንብ? አይልም። መቼ ተጣሰ? አይልም። ነገርኳቸው።

«በአላህ! ባለቤት የሌለው ቤት አለ እንዴ? ደጁን አሳየኝና እኔው ልሂድለት። ደሴም ከሆነ መኪና ይኸው በየቀኑ ይሄዳል።»

«ቤቱ አሜሪካ ነው እትዬ።»

«አሜሪካስ ቢሆን በር ጠባቂ ያጣል?»

የተቃውሞ ማቅረቢያ የሚባለውን ፈልጌ አገኘሁት። አራት ነጥብ አለው፤ አንዱን ምረጥ ይላል። «አካውንቴ ተሰርቋል»፣ «በስህተት ተዘግቷል»፣ ሌሎቹንም አሁን አላስታውስም። የሳቸው ጉዳይ ልጅቱ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ከናቷ ጋር የምትገናኝበት ሌላ መንገድ የሌላት መሆኑ ነው፤ እሱን የሚይዝ ነጥብ የለም። አንዱን መረጥኩ። መልእክትዎ ደርሶናል የሚል መልስ ከመቅጽበት መጣ። ያን ያህል የፈጠነ መልስ ማንም እንዳላነበበው ምስክር ነው። እናትየው ግን ደስ አላቸው፤ ደርሶናል ማለት መዝገብ ቤት ገባ ማለት መስሏቸው። ሌላ መልስ አልመጣም። ልጅቱ የተገኘችው ጅዳ ያለ የጎረቤት ልጅ አፈላልጎ በሌላ ቁጥር ሲደውልላቸው ነው።

የድሮው እልፍኝ አስከልካይ ጉቦ ይበላ ነበር፤ ጨካኝም ነበር። ግን ዓይን ነበረው። ሦስት ሳምንት በበሩ የተቀመጠችን እናት እያየ ያልፋል፤ ማየቱን እሷም ታውቃለች፤ አንዳንዴም ያፍራል። እኔ ስለ ኩባንያዎቹ ገንዘብ የሚሰማኝ ቅናት የለም። የሚያንገበግበኝ፣ የምድርን ግማሽ ሕዝብ የሚያስተዳድር ቤት ሲሠሩ ይህን አንድ ሰው መቅጠር ከወጪ መቁጠራቸው ነው። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ደግሞ ከወጪም ወጪ ነው።

ይህ ቁጠባ ከናፍቆትም የከፋ ነገር አድርሷል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ፣ ሰውን የሚያነታርከውን ጽሑፍ የሚያስቀድመው የኩባንያው አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ የብሔር ግጭት እያባባሰ መሆኑን መሰከረች። ከወር በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ትግራዋዩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በራቸው ላይ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ፎቷቸውንና የሚኖሩበትን አካባቢ ይዘው በሐሰት የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም እንደሚለው፣ እንዲነሡለት ለኩባንያው አመልክቶ ነበር፤ በጊዜው ግን አልተነሡም። የተኮሱት እጆች የኛው ናቸው። ባሕር ዳር የኛው ክልል ከተማ ናት፤ ይህን ወደ ካሊፎርኒያ አሳልፈን የምንሰጠው ዕዳ አይደለም። ነገር ግን አንድ ልጅ «አባቴን ሊገድሉት ነው» ብሎ ሲያመለክት ተቀብሎ የሚያነብ ሰው አለመኖሩ የሌላ ሰው ዕዳ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ጥቆማ ከደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ያንሣ ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለቱንም ፕሪንት አድርጌ ይዣለሁ። እኔ ግን የማስበው እንደ ራፖር ጻፊ ነው፤ ክስ ብጽፍ መጥሪያውን የሚያደርሰው ማን ነው? በየትኛው ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር ስንት ብሎ? አገር ውስጥ ያሉት የቴሌ ድርጅቶች ቢያንስ መስኮት አላቸው፤ ወረፋ ይዘህ፣ ተጨቃጭቀህ፣ አለቃውን ጥራልኝ ብለህ ትወጣለህ።

መንግሥትም ይዘጋል። ከ1997 ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያለፈ ጊዜ ተዘግቶ የተከፈተው ለሚሌኒየሙ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራትን ቆጠረ። ደብተሬ ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃሎች ሁሉ የማይከፍቱት በር ሆኑ። ያን ጊዜ ነው ካልጠበቅሁት ቦታ ለንደንን ያስታወስኳት። ብሪቲሽ ላይብረሪ የመቅደላውን ብራና ከፊሉን ፎቶ አንሥቶ በነፃ በኢንተርኔት አሳይቶ ነበር፤ እኛ በጨለማ ሳለን፣ በጥቅምት 2016፣ የኮምፒዩተር ዘራፊዎች መቱትና የቤተ መጻሕፍቱ የዲጂታል ክምችት ከሥራ ውጭ ሆነ። ቆዳው ለንደን መደርደሪያ ላይ በሰላም ተቀምጧል፤ የጠፋው ለኛ የተረፈን ጥላው ነው። በእነዚያ ወራት ግን መንግሥት ስለዘጋው ኔትወርክ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው «ለ»ው አልቸገረውም። መልስ ማግኘት ሌላ ነገር ነው፤ ለማን እንደሚጻፍ ሁሉም ያውቅ ነበር።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ጎበዝ ልጅ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያጻፈውን የይዞታ ማመልከቻ ፕሪንት ሊያደርግ መጣ። አነበብኩት። አማርኛው ከኔ ይለሰልሳል፤ «በታላቅ አክብሮት» ሦስት ቦታ አለ። ከራስጌው ግን «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። አልነገርኩትም፤ ይሞክረው ብዬ። ከሰዓት ተመልሶ መጣ፤ የመዝገብ ቤቷ ልጅ በእስክርቢቶ አክብባ «ማን ነው የሚመለከተው?» ብላ ጽፋበታለች። ሃምሳ ብር አስከፍዬ አስተካከልኩለት።

የፕሮፌሰሩ ልጅ አብርሃም ያገኘው በር ናይሮቢ ነው። ፌስቡክ ለአካባቢያችን ጽሑፎችን የሚመረምሩ ሠራተኞችን በተቋራጭ በኩል ያሠራ የነበረው እዚያ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌላው ከሳሽ ከፍስሐ ተክሌና ከኬንያው ካቲባ ኢንስቲትዩት ጋር በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ከጠየቋቸው ነገሮች ውስጥ የ200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ የተጎጂዎች ፈንድ አለበት፤ ይቅርታና የአሠራር ለውጥም አለበት። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ አለ። እስኪ አስቡት፤ በባሕር ዳር ለፈሰሰ ደም፣ በአማርኛ ለተጻፈ ውንጀላ፣ ለካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ ችሎቱ ናይሮቢ። ንጉሥ አይከሰስም፣ አቤት ግን ይባላል፤ ይኸኛው ጌታ ይከሰሳል፣ አቤት ግን አይባልም።

ዜናው በተሰማ ሰሞን ለቤቴ ደንበኞች አነበብኩላቸው። ከመካከላቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ድረስ ስለ ርስት ደጅ የጠኑ አንድ አዛውንት አሉ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ናይሮቢ ስንት ቀን ያስኬዳል?»

«ከዚህ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሐዋሳ አድርጎ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ወዲያ ኬንያ ነው። መኪና ካልጠፋ ሳምንት አይሞላም፣ አባባ። ግን ፓስፖርት ያስፈልጋል።»

«ፓስፖርቱን የት ይሰጣሉ?»

«መጀመሪያ በኢንተርኔት ይሞላል።»

ወደ ኮምፒዩተሬ አዩ፣ ወደ ደብተሬም አዩ። «የምትሞላው አንተ አይደለህ?» አሉ፤ «ስንት ታስከፍላለህ?»